ነጭ ጉትዬ ካለው የሩስፖሊ ቱራኮ ነው

ከነገሌ ቦረና ወጣ ብለህ ሾላ ላይ ያየኸው አረንጓዴ ወፍ ምን እንደሆነ፣ ጫካው ሲመነጠርስ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቀሃል።

እስቲ ጉትዬውን አስታውስ። ነጭ ከነበረ የልዑል ሩስፖሊ ቱራኮ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም! ጣሊያናዊው ተጓዥ ሩስፖሊ ወፉን ከሰበሰበ በኋላ በ1893 እ.ኤ.አ. ዝሆን ገደለው። የት እንዳገኘው ግን ጽፎ አልተወም። መኖሪያው እስኪታወቅ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ አለፈ።

ቁጭ ሲል ቅጠል ነው የሚመስለው። ብድግ ብሎ ሲበር ግን ክንፉ እንደ ፍም ይቀላል። ያ ቀይ ቀለም በውስጡ መዳብ አለው። እኔ መጀመሪያ ሳየው ለደቂቃዎች አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ወዴት ይሄዳል ላልከው፣ ብዙም መሄጃ የለውም። የሚኖረው በነገሌና በአሬሮ ዙሪያ ባለው የጥድ ደን፣ በገናሌ ወንዝ በኩል ደግሞ በግራር መሃል ነው። ደኑ ለእርሻ ይመነጠራል፤ ለከሰልና ለማገዶም ይቆረጣል። ምግቡ በአብዛኛው ፍሬ ስለሆነ፣ አንድ ትልቅ ሾላ ሲወድቅ ጓዳው ባዶ ቀረ ማለት ነው። ሌላም ችግር አለበት። ጉንጨ ነጩ ዘመዱ ወደ መኖሪያው እየዘለቀ ከእሱ ጋር ይዳቀላል። ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

እዚያው የምትኖር ከሆነ፣ ማሳ ውስጥ የቆሙትን ሾላና ዋርካ እንዳይቆርጡ ጎረቤቶችህን አነጋግራቸው። ፎቶ ካለህም ላክልኝ፤ ጉትዬውና ጉንጩ በደንብ ይታይ።