መልስ፦ ጥበባዊ ፎቶግራፍ እንጀራ ይሆናል?

ከሠርግ ፎቶ ወጥቼ ጥበባዊ ፎቶግራፍን የዕድሜ ልክ ሥራዬ ማድረግ እችላለሁ ወይ ብለሃል። ትችላለህ ወንድሜ፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል።

የፎቶግራፍ ባለሙያዋን የአይዳ ሙሉነህን መንገድ እይ። አዲስ አበባ ተወልዳ ውጭ አገር አደገች። እ.ኤ.አ. በ2000 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ለአሜሪካው ጋዜጣ ለዋሽንግተን ፖስት ፎቶ ታነሳ ነበር። መነሻዋ ዜና ነው፤ ይሄን ልብ በልልኝ። በ2007 ማሊ ውስጥ፣ ባማኮ በተካሄደ የአፍሪካ ፎቶግራፍ ዝግጅት ላይ ተሸለመች፣ በ2010 ደግሞ አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል መሠረተች።

ንጹህ ውሃ ለማዳረስ ለሚሠራው ድርጅት ለዋተርኤድ፣ አፋር ውስጥ ዳሎል ላይ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች ፈልገህ ቀስ ብለህ እይ። የሴቶቹ ፊት በቀለም ተቀብቷል። ልብሳቸው ደማቅ ነው፣ ከኋላቸው የጨው ሜዳው ተዘርግቷል። በአጋጣሚ የገባ ነገር የለም፤ ሁሉም ቀድሞ ታስቦበታል። ውሃ የምትቀዳ ሴትን ድካም ሳትደብቅ ክብሯን ጠብቃ አሳየቻት። እኔን ሁሌ ልቤን የሚነካኝ ይሄ ነው።

የጥበባዊ ፎቶግራፍ ገቢ በአብዛኛው ታትመው ከሚሸጡ ፎቶዎች ነው። አንድን ፎቶ በስንት ኮፒ እንደምታትም አስቀድመህ ወስን፤ ቁጥርና ፊርማ አኑርበት፣ ከዚያ በላይ አንድም አትጨምር። ገዢ የሚያምንህ በዚህ ነው። ሠርጉን ግን ለጊዜው አትተወው፤ የቤት ኪራይህን እሱ ይክፈልልህ።