ቤቱን በጥቅምት እዩት

በዚህ ወር ስለ ካሪቢያን አገሮች ሦስት ደብዳቤ ደርሶናል። አዘጋጁ ሦስቱንም አንድ ላይ አድርጎ "እትዬ፣ እነዚህ የእርስዎ ናቸው" ብሎ ሰጠኝ። ጃማይካ ውስጥ ማንዴቪል በምትባል ከተማ አሥራ ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ። ባለቤቴ የዚያው አገር ሰው ነበር። ጎንደር ለጥምቀት መጥቶ ነው የተዋወቅነው፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው። እሱ ሲያርፍ ቤቱን ሸጬ ወደ አገሬ ተመለስኩ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ጎንደር ማራኪ ነው። ባለቤቴ አሜሪካ ከሄደ 14 ዓመቱ ነው፤ ዜግነትም አግኝቷል። ከሁለት ዓመት በፊት የካቲት ላይ ጃማይካ ለእረፍት ሄዶ አገሩን ወደደው። "የአሜሪካ ብርድ መረረኝ፣ እዚያ ቤት እንግዛና አንቺም ነይ፣ አብረን እንኑር" ይለኛል። አሁን ሴንት ኤልሳቤጥ በሚባል አውራጃ፣ ባሕሩ አጠገብ፣ ባለ ሦስት መኝታ ቤት በ190,000 ዶላር አግኝቷል። ደላላው ቪዲዮ ልኮልናል። ቤቱ ያምራል፤ ግቢው ውስጥ ትልቅ ማንጎ አለ። ሌላ ገዢ ስላለ 10 በመቶ ቀብድ ቶሎ በእኔ አካውንት አስገቡ ይላል። ካርታው በሻጮቹ አያት ስም ነው። አያትየው ሞተዋል፤ ግን ልጆቹ ሁሉ ተስማምተዋል ተብለናል። ገንዘቡ ስለማይሞላ ከእናቴ የወረስኩትን የማራኪውን ቤት እንድሸጥ ባለቤቴ ይፈልጋል። ምን ይመክሩኛል? የውጭ ሰው እዚያ ቤት መግዛት ይችላል? ኑሮውስ እንዴት ነው?
ሰ. ከማራኪ

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሁሉ በፊት እኔም አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ቪዲዮ የተቀረጸው መቼ ነው?

ለምን መሰለሽ? ጥቅምት 18 ቀን 2018፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 28 ቀን 2025፣ ሜሊሳ የተባለው አውሎ ነፋስ ጃማይካን መታ። ደረጃ 5 ነበር፤ ከዚያ በላይ ደረጃ የለም። ነፋሱ በሰዓት 295 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነፍስ ነበር። መሬት የረገጠው በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ እናንተ ቤት አገኘን ከምትሉበት አውራጃ አጠገብ ነው። የሴንት ኤልሳቤጥ ዋና ከተማ ብላክ ሪቨር ፈራረሰች። በጁላይ 2024 ደግሞ ቤሪል የሚባለው ያንኑ የደቡብ ዳርቻ ገርፎት ነበር። እና ማንጎው ዛሬ ቆሟል ወይ? ጣሪያውስ የድሮው ነው ወይስ አዲስ? ደላላው ግቢው ውስጥ ቆሞ፣ የዕለቱን ጋዜጣ ይዞ፣ በቪዲዮ ስልክ ያሳያችሁ። እምቢ ካለ ነገሩ እዚያው አለቀ።

ባለቤትሽ የሄደው የካቲት ላይ ነው። የካቲት እዚያ በጋ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱ ለስላሳ፣ ቱሪስቱም የሚጎርፍበት። በየካቲት ጃማይካን ያየ ሰው ሙሽራዋን በሠርጓ ቀን ነው ያያት። የአውሎ ነፋሱ ወራት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ዝናቡ የሚበረታው ደግሞ ኦክቶበር ላይ ነው። አንቺ የጎንደር ልጅ ነሽ። ጣሪያ ማፍሰሱ የሚታወቀው በሐምሌ እንጂ በጥር እንዳልሆነ ለአንቺ አይነገርሽም።

እኛም የገዛነው በፌብሩዋሪ ነበር። ከጓሮው ጎድጎድ ያለ፣ ሣሩ ለምለም የሆነ ቦታ ነበር። ደላላው "እዚህ አትክልት ያምርበታል" አለን። አልዋሸም፣ ያምርበታል። ጥቅምት ሲገባ ግን የሰፈሩ ውሃ በሙሉ የሚጠራቀመው እዚያ ሆኖ ተገኘ። አንድ ጠዋት ስነሳ ጫማዬ ወጥ ቤት ውስጥ ይንሳፈፋል። ጎረቤቶቹ ሁሉ ያውቁ ነበር። እኛ ግን አልጠየቅናቸውም።

ከዚያ ደግሞ የ1997 እንቁጣጣሽ መጣ። በዋዜማው ሌሊት አይቫን የሚባለው አውሎ ነፋስ በደሴቲቱ ደቡብ በኩል አለፈ። አበባየሆሽ በሚዘፈንበት ዕለት እኔና ባለቤቴ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ፍራሽ ተከናንበን አነጋን። በኮንክሪት የተሞላው ጣሪያ ንቅንቅ አላለም። ወጥ ቤቱን የሸፈነው ቆርቆሮ ግን ከነእንጨቱ ተነስቶ ሄደ። ሁለት ቤት አልፎ አገኘነው። በኋላ አናጺው እንደነገረን እንጨቱ ከግድግዳው ጋር በብረት አልታሰረም ነበር። ስለዚህ ቤቱን ስታዩ ቀለሙን ተዉትና ጣሪያው ከምን ጋር እንደታሰረ ጠይቁ።

ኢንሹራንስም አለ። ለአውሎ ነፋስ ብዙውን ጊዜ ከተገባው ዋስትና 2 በመቶውን ያህል ራስሽ ትሸፍኛለሽ። ዋናው ወጥመድ ሌላ ነው። 190,000 የሚያወጣውን ቤት ክፍያው እንዲቀንስ ብላችሁ በ95,000 ካስመዘገባችሁት፣ የጣሪያው ጉዳት 10,000 ሲሆን የሚሰጧችሁ ግማሹን ነው። ሰዉ ይህን የሚያውቀው ቆርቆሮው ከሄደ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የውጭ ሰው ጃማይካ ውስጥ ቤት መግዛት ይችላል፤ ልዩ ፈቃድም አያስፈልገውም። እንደኛ አገር መሬቱ የመንግሥት፣ ቤቱ የአንቺ የሚባል ነገር የለም። መሬቱንም ትገዢዋለሽ። እያንዳንዱ የተመዘገበ ካርታ የመዝገብና የቅጠል ቁጥር አለው። ቮልዩምና ፎሊዮ ይሉታል። ያንን ቁጥር ከደላላው ተቀበሉና ጠበቃችሁ ብሔራዊ የመሬት ኤጀንሲው ዘንድ ያስፈትሸው። የማን ስም እንዳለ፣ የባንክ ዕዳ እንዳለበት፣ እግድ የጣለ ሰው እንዳለ እዚያው ይታያል።

"ካርታው በአያት ስም ነው፣ ልጆቹ ተስማምተዋል" የሚለው ነገር ግን ሆዴን አልሰጠውም። እነሱ ፋሚሊ ላንድ ይሉታል። እኛ ርስት እንለዋለን። ለጎንደሬ የርስት ክርክር አላስተምርም! አንዱ ልጅ እንግሊዝ ነው፣ አንዷ ካናዳ ነች፣ አንዱ ደግሞ ከሌላ ሴት የተወለደ ነው፤ እሱን እስከዛሬ ማንም አላነሳውም። ቤቱ ተሸጦ ቀለም ሲቀባ ነው የሚመጣው። ፍርድ ቤት ኑዛዜውን ካላጸደቀ፣ ኑዛዜ ከሌለም ንብረት አስተዳዳሪ ካልሾመ፣ በሕግ የሚሸጥላችሁ ሰው የለም። ስምምነታቸው የቡና ላይ ወሬ ነው። ይህ ሳያልቅ አንዲት ዶላር እንዳትንቀሳቀስ።

ቀብዱ 19,000 ዶላር መሆኑ ነው። 10 በመቶ መጠየቁ ያለ ነገር ነው። በደላላው አካውንት መሆኑ ግን ያለ ነገር አይደለም። ቀብድ የሚቀመጠው ውል ከተፈረመ በኋላ ጠበቃ ዘንድ ነው። የእናንተ ጠበቃና የሻጭ ጠበቃ ደግሞ አንድ ሰው አይሁኑ። ደላላ እዚያ ፈቃድ አውጥቶ ነው የሚሠራው፤ የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቁት። "ሌላ ገዢ አለ" የሚለውን ዘፈን አራዳም ሰምተሽዋል። ጠበቃው በኢሜይል አካውንት ቁጥር ቀይሬያለሁ ካላችሁም ስልክ ደውላችሁ በድምፁ አረጋግጡ። በዚህ መንገድ ብዙ ሰው ተበልቷል።

ወጪውን ላሳጥረው። በፈረንጆቹ ከ2019 ወዲህ 2 በመቶ የስም ማዛወሪያ ግብር አለ፤ የሚከፍለው ሻጩ ነው። በእኛ ጊዜ ከዚህ የበዛ ነበር። ለምዝገባ ግማሽ በመቶውን ሁለታችሁ እኩል ትካፈላላችሁ። የጠበቃና የቀያሽ ለብቻው ነው። የቀያሹን ገንዘብ አትሳሱለት፤ አጥሩ በጎረቤት መሬት ላይ መቆሙን የሚነግራችሁ እሱ ነው። ሁለታችሁም የግብር ከፋይ ቁጥር ማውጣት አለባችሁ።

ሁለታችሁም አልኩ። ደብዳቤሽ ውስጥ ያላየሁት አንድ ነገር አለ፤ ካርታው በማን ስም ነው የሚወጣው? ባለቤትሽን ለማማት አይደለም። እኔና የእኔው ካርታውን በጋራ ስናወጣ ጠበቃው "ጆይንት ነው ወይስ በድርሻ?" ብሎ ጠየቀን። በጆይንት ከሆነ አንዱ ሲሞት ቤቱ በሙሉ ለቀሪው ነው። በድርሻ ከሆነ የሟች ድርሻ ወደ ወራሾቹ ይሄዳል። እኛ ጆይንት አልን፤ ያኔ ቁም ነገሩ አልገባኝም ነበር። ባለቤቴ ባረፈ ጊዜ ግን የሞት ምስክር ወረቀቱን ይዤ ሄጄ ነገሩ ያለ ፍርድ ቤት አለቀልኝ። የባሌ እህቶች ጥሩ ሰዎች ናቸው። ቢሆንም ጥሩነታቸውን መፈተን አላስፈለገኝም።

የማራኪውን ቤት አትሽጪ። ብትሸጪውስ ብሩን በምን ታወጪዋለሽ? ባንክ ሄደሽ "ጃማይካ ቤት ልገዛ ነው" ብትዪ ዶላር የሚሸጥልሽ የለም። በጥቁር ገበያ እናውጣው ካላችሁ ደግሞ የእናትሽን ቤት ለማታውቂው ሰው በከረጢት ማስረከብ ነው። ባለቤትሽ በራሱ ገንዘብ የሚችለውን ቤት ይግዛ፤ ካልቻለም ይቆይ።

ኑሮውን ጠይቀሻል። ቤት መግዛት የመኖሪያ ፈቃድ አያሰጥም፤ ለብቻው ይጠየቃል። ለመሥራትም የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል። የደቡብ ሴንት ኤልሳቤጥ ዳርቻ ደረቅ ነው፤ ውሃ በቦቴ የሚገዛበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ግቢው ስንት ሮቶ እንዳለው ጠይቂ። ወንጀል የለም ብዬ አልዋሽሽም። መስኮቱ ሁሉ ብረት ያለው በምክንያት ነው። የ1 ዶላር ምንዛሬ ወደ 160 የጃማይካ ዶላር ስለሆነ መጀመሪያ ላይ የሽንኩርት ዋጋ ያስደነግጥሻል።

ማንዴቪልን እነሱ ብርድ ያለበት ደጋ ይሉታል። ከባሕር በላይ 600 ሜትር ገደማ ነው፤ ለጎንደሬ ይህ ቆላ ነው። ሕዝቡን ግን ትወጂዋለሽ። ከኢትዮጵያ መምጣትሽን ሲሰሙ ራስታዎቹ "እምፕረስ" ብለው ይጠሩሻል፣ ንግሥት እንደማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ጃንሆይ ኪንግስተን የገቡበትን የሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዝናብ ያወሩልሻል። ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያናችንም አለ፤ ኪንግስተን ማክስፊልድ ጎዳና ላይ ሥላሴ ካቴድራል ነው። እኔ በዓመት ለጥቂት በዓላት እሄድ ነበር። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ያህል ባይሆንም ቅዳሴው ቅዳሴ ነው።

እንግዲህ ባለቤትሽ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ሦስት ወር እዚያው አውራጃ ቤት ይከራይ። አንቺም ቪዛው ከተሳካ ሂጂና አብረሽው ክረሚ። ከጎረቤት ቡና ጠጪ። ያን ጊዜ የሚገዛው ቤት ራሱ ይታያችኋል።

ጥያቄ፦ ዶሚኒካ ውስጥ ቤት የገዛ ሰው ፓስፖርት ይሰጠዋል የሚባለው እውነት ነው? የኢትዮጵያ ዜግነቴስ?
ከአዘዞ

መልስ፦ እውነት ነው፤ ግን ማንኛውም ቤት አይደለም። መንግሥት ከፈቀደው ፕሮጀክት መሆን አለበት፤ ለተወሰኑ ዓመታትም መሸጥ አትችልም። ይህን ነገር በፈረንጆቹ 1984 የጀመሩት ሴንት ኪትስና ኔቪስ ናቸው። ዶሚኒካ፣ አንቲጓና ባርቡዳ፣ ግሬናዳ እና ሴንት ሉሲያም አላቸው። ከ2024 ወዲህ ከ200,000 ዶላር በታች አይታሰብም። ዶሚኒካን ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ጋር እንዳታምታታቸው። የመጀመሪያዋ እንግሊዝኛ የምትናገር ትንሽ ደሴት ናት፤ ሁለተኛዋ ስፓኒሽ የምትናገር ሌላ አገር ናት። ዜግነትህን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 378/1996 ግልጽ ነው፤ ወደህ የሌላ አገር ዜግነት ከወሰድክ የኢትዮጵያውን ታጣለህ። ከዚያ በኋላ የሚቀርህ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እዚያ እንጀራ እንዴት ያደርጉ ነበር?
ከአራዳ

መልስ፦ አገር ቤት በመጣሁ ቁጥር ጤፍ በሻንጣ እወስድ ነበር፤ ሲያልቅብኝ በሩዝ ዱቄት እደባልቀው ነበር። ሊጡ እዚያ ሙቀት ውስጥ ጎንደር ሦስት ቀን የሚፈልገውን በአንድ ቀን ተኩል ይጨርሳል። የመጀመሪያ ችግሬ ምጣዱ ነበር። ከቅዳሜ ገበያ የገዛሁትን የኤሌክትሪክ ምጣድ ተሸክሜ ሄድኩ። ሰካሁት፣ ጠበቅኩት፣ እጄን አስቀመጥኩበት፤ ለብ ብሏል። የጃማይካ መብራት 110 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ምጣዱ ከጉልበቱ ሩቡን ብቻ ነበር የሚያገኘው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው መጥቶ የምድጃውን የ220 መስመር አውጥቶ ሰጠኝ። "ይሄ ምንድን ነው፣ ሳተላይት ዲሽ?" እያለ ይስቃል። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን አውጥቶ ሲነሳ ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል አየችው። እነሱ ባሚ የሚሉት የካሳቫ ቂጣ አላቸው፤ እሱ መሰላት። ቆርሳ ቀመሰችው፣ ፊቷን ጨፈገገች፣ "ኮምጥጧል፣ ጣዪው" አለችኝ። በሳምንቱ ሰሐን ይዛ መጣች።