በ16 ዓመቴ ያጠፋሁት ጥፋት ሥራ ይከለክለኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። አሁን 25 ዓመቴ ነው። በ16 ዓመቴ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን የሰው ስልክ ነጥቀን ተያዝን። ፍርድ ቤት ቀረብኩ። አልታሰርኩም፤ ለተወሰነ ጊዜ በክትትል ሥር እንድቆይ ተወሰነብኝና ጨረስኩ። ከዚያ ወዲህ ምንም የለብኝም። አካውንቲንግ ተምሬ ተመርቄያለሁ። የሥራ ማመልከቻ ስሞላ ግን «በወንጀል ተፈርዶብዎት ያውቃል?» የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ይያዛል። «አዎ» ካልኩ አይጠሩኝም። «የለም» ካልኩ የዋሸሁ ይመስለኛል። ፎርሙን ሞልቼ ሳልልከው የቀረሁበት ጊዜም አለ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ ይህን በመጻፍህ ደስ ብሎኛል። ለረጅም ዓመታት በሰው ኃይል አስተዳደር ሠርቻለሁ። ማን ለኢንተርቪው ይጠራ ብለው ፎርም ከሚያገላብጡት አንዷ ነበርኩ። የምነግርህ ከዚያ ያየሁትን ነው።

መጀመሪያ ጥያቄውን ረጋ ብለህ አንብበው። የጠየቀህ ተፈርዶብህ እንደሆነ ነው፤ በልጅነትህ አጥፍተህ እንደሆነ አይደለም። በብዙ አገሮች የወጣት አጥፊዎች ጉዳይ ለብቻው ይታያል፣ ውሳኔውም እንደ አዋቂ የወንጀል ፍርድ አይቆጠርም። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች እንዲህ ነው። የአንተም ጉዳይ በዚህ መልክ ያለቀ ከሆነ «የለም» ብለህ ብትሞላ አልዋሸህም። «ከሆነ» ማለቴን ግን ልብ በል። በ16 ዓመታቸው እንደ አዋቂ ተከሰው የተፈረደባቸውም አሉ። አንተ የትኛው ጋ እንደሆንክ በትዝታ አይታወቅም። በዚያ ዕድሜ ችሎት ፊት የቆመ ልጅ ዳኛው ያሉትን ሁሉ አያስታውስም።

ስለዚህ ውሳኔውን ከሰጠው ፍርድ ቤት ግልባጩን አውጣ። የተወሰነብህ የማረሚያ እርምጃ ነው ወይስ ቅጣት? መዝገቡስ ተዘግቷል? ይህን ካወቅህ በኋላ የወንጀል ሪከርድ ማስረጃ በራስህ ስም አውጣ። ቀጣሪ የሚያየውን አንተ አስቀድመህ ማየት አለብህ። መውጣት የሌለበት ነገር ወጥቶ ካገኘህ እንዲታረም በጽሑፍ አመልክት፤ ያመለከትክበትንም ኮፒ ያዝ።

«18 ሲሞላ በራሱ ይጠፋል» የሚሉህን ዝም ብለህ አትመን። አገር ከአገር ይለያያል። በጀርመን ለወጣቶች የተወሰነ የማስተማሪያ እርምጃ ለብቻው መዝገብ ይገባል፤ ከባድ ፍርድ ከሌለበት ሰውየው 24 ዓመት ሲሞላው ይሰረዛል። በእንግሊዝና ዌልስ ከኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለልጆች የተሰጠ የፖሊስ ማስጠንቀቂያ በቀጣሪ ማጣሪያ ላይ በራሱ አይወጣም። በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ደግሞ ባለጉዳዩ ራሱ ካላመለከተ መዝገቡ አይዘጋም። ሳያውቁ ዓመታት የሚያልፍባቸው ወጣቶች ያሳዝኑኛል። የተባበሩት መንግሥታት በ1985 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው የቤጂንግ ደንቦች የወጣት አጥፊዎች መዝገብ በጥብቅ ምስጢር እንዲያዝ ይላሉ። ደንቡ አንድ ነገር ነው፣ የየቢሮው አሠራር ሌላ።

ፍርሃትህ ከንቱ ነው አልልህም። ዴቫ ፔጀር የተባለች የሶሺዮሎጂ ተመራማሪ በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ ተመሳሳይ ሲቪ ያላቸው ወጣቶችን ሥራ እንዲያመለክቱ አድርጋ ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ከነጮቹ መካከል ሪከርድ የሌለን 34 ከመቶ፣ አለብኝ ያለን 17 ከመቶ ቀጣሪዎች መልሰው ጠርተዋል። ከጥቁሮቹ መካከል 14 እና 5 ከመቶ ነበር። የአሜሪካ ግዛት የሆነችው ሃዋይ በ1998 እ.ኤ.አ. ቀጣሪ ይህን ጥያቄ ሰውየውን ለሥራው ከመረጠ በኋላ ብቻ እንዲያነሳ በሕግ የወሰነችው በከንቱ አይደለም። ወረቀት ላይ ምልክት ብቻ የሚያይ ሰው አንተን አያይም። እኔ ሰዎችን እየመረጥኩ ያየሁት ይኸው ነው፤ አንዲት ምልክት ታይታ ሲቪው ሳይነበብ ይቀመጣል።

ሥራው ሕጻናት ዘንድ ወይም ገንዘብ ላይ ከሆነ ማጣሪያው ጠለቅ ይላል። አንተ የሒሳብ ሰው ስለሆንክ ይህ ሊገጥምህ ይችላል። አንዳንዱ ፎርም «ተከሰው ያውቃሉ?» ብሎ ሰፋ አድርጎ ይጠይቃል። ለዚያ ሥራ እንድትናገር ሕጉ ካስገደደህ አትደብቅ። ኋላ የሚገኘው ውሸት ከድሮው ጥፋት ይልቅ ከሥራ ያስወጣል። ከመሙላትህ በፊት ግን የሕግ ባለሙያ አማክር።

መናገር ካለብህ አጭር አድርገው። «በ16 ዓመቴ ስልክ ነጥቄ ፍርድ ቤት ቀርቤ ነበር። የተወሰነብኝን ክትትል ጨርሻለሁ። የውሳኔው ግልባጭ ይኸው።» ከዚያ ዝም በል። «ጓደኞቼ ናቸው ያሳሳቱኝ» አትበል፤ ጠያቂው ሰበብ ሲሰማ ሌላ ምን ይኖር ይሆን ብሎ ይጠራጠራል። ፈራ ተባ ሳይሉ ተናግረው ወደ ሥራቸው ወሬ የተመለሱትን እኛም ወዲያው ወደ ሥራው ተመልሰን እንጠይቃቸው ነበር።

የፎርሙ ማመልከቻ ጊዜ እያለቀ ከሆነ፣ ግልባጩ እስኪወጣ ይህን ጥያቄ የማይጠይቁትን ፎርሞች እየሞላህ ላክ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ከሌለህ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የምክር አገልግሎት ካላቸው ጠይቅ፤ መሄድህ ካልቀረ ፍርድ ቤቱ የሰጠህን ወረቀት ሁሉ ይዘህ ሂድ።