ጉንዳኑን ይተዉት፣ መንገዱን ይዝጉበት

ጥያቄ፦ መርሳ አካባቢ ጥቂት የብርቱካን ዛፎች አሉኝ። ቅጠሉ ጥላሸት የተቀባ መስሎ ጠቁሯል፤ ግንዱ ላይ ደግሞ ጥቁር ጉንዳን ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። በሽታውን ያመጣው እሱ ነው ብዬ ጎሬው ላይ ፀረ ተባይ ልረጭ አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ መርጫውን ለጊዜው ያስቀምጡትና አንድ የጠቆረ ቅጠል በእርጥብ አውራ ጣትዎ ይሹት። ጥቁሩ ተነሥቶ ከሥሩ አረንጓዴው ከታየ ሻጋታ ነው። ይህ ሻጋታ ቅጠሉን ሰርስሮ አይገባም፤ ላዩ ላይ ተነጥፎ ብርሃን ይከለክለዋል እንጂ። የሚመገበው ክሽክሽና መሰል መጣጭ ተባዮች የሚያንጠባጥቡትን ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። የተጠቀለለ ለጋ ቅጠል ገልጠው ቢያዩ ተኮልኩለው ያገኟቸዋል።

እዚያው ጥቂት ቢቆዩ ጉንዳኑ የክሽክሹን ጀርባ በአንቴናው ሲደባብስና ጠብታ ሲቀበል ያያሉ። ለዚህች ጠብታ ሲል ክሽክሽ የሚበሉትን ጥንዚዛዎች ያባርራል፤ ጥፋቱም ይኸው ነው። የዛፍ ፈሳሽ ስኳር እንጂ ፕሮቲን የሚሠራበት ነገር እምብዛም የለውም፤ ክሽክሹ ጉድለቱን የሚሞላው ሰውነቱ ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነው። ካምፖኖተስ የሚባለው የጉንዳን ወገንም በአንጀቱ ግድግዳ ተመሳሳይ ረዳቶች አሉት። በዓይን የማይታየው ሁሉ ጠላት አይደለም ማለት ነው።

ጎሬው ላይ ቢረጩ ላይ ላዩን ያለው ሠራተኛ ይሞታል፤ ንግሥቲቱ ግን ከታች ትተርፋለች። ያው ጉንዳን ምስጥና አባጨጓሬም እያደነ ይበላልዎታል።

ይልቅ መሬት፣ ሣር ወይም አጥር የሚነኩትን ቅርንጫፎች ይቁረጡ፤ አንዲት ዘንግ ከቀረች መሰላል ትሆነዋለች። ግንዱን በጨርቅ፣ ከላዩም በላስቲክ ጠቅልለው ላስቲኩ ላይ ግራሶ ይቀቡ። ልጡን በቀጥታ እንዳይቀቡት፣ ይጎዳል። ግራሶው አቧራ ሲይዝ ያድሱት። ለክሽክሹ በአንድ ሊትር ውኃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው አስቀድመው ጥቂት ቅጠሎች ላይ ይሞክሩ፤ ካላቃጠለ ማለዳ ወይም ወደ ማታ የቅጠሉን ጀርባ ይርጩ፣ በሳምንቱም ይድገሙ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ስለሚያቃጥል አይጠቀሙ። ዩሪያም አያብዙ፤ ክሽክሽ የሚወደው ለጋ ቀንበጥ ነው።

የጠቆረው ቅጠል ወዲያው አይጠራም። የሚመለከቱት አዲሱን ቀንበጥ ነው። ከቅጠሉ ሥር ነጭ ጥጥ መሳይ ነገር ካገኙ ግን ተባዩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል፣ ቅጠሉን ይዘው የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ ያሳዩ።