የጥናት ርእስ ከየት ይመጣል? ጥያቄና መልስ

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ የመመረቂያ ጽሑፍ ልትጀምሩ ላላችሁ፦ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ተራ በተራ እመልሳለሁ።

ጥ፦ መምህር፣ ስለ እምቦጭ ልሥራ ብል አማካሪዬ «ተጠንቶ አልቋል» አሉኝ። ልተወው?

መ፦ እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ ከታወቀ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ስለ ስፋቱ ብዙ ተጽፏል። የሸፈነውን ስፋት በሳተላይት ምስል ልለካ ካልክ አማካሪህ እውነት አላቸው። ግን አረሙን በእጁ ሊነቅል የወጣ ገበሬ የዚያን ቀን የራሱን እርሻ ማን ሠራለት? እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዘህ ተመለስና እንደገና አነጋግራቸው።

ጥ፦ የአዊ ልጅ ነኝ። ስለ ዲከረንስ፣ ለከሰል ስለሚተከለው የግራር ዓይነት ዛፍ፣ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ርእሱ ግን ሰፋብኝ።

መ፦ እህቴ፣ «የዲከረንስ ተፅዕኖ በአዊ ዞን» ብለሽ ከተነሣሽ አትጨርሽውም። ተፅዕኖው በምን ላይ? በማን ላይ? እዚያው አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ ወርደሽ የገበሬውን አሠራር ተመልከቺ። ችግኙን በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተክላል። ቀጥሎ በዛፎቹ መካከል የበቀለውን ሣር ያጭዳል። በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ያከስልና መሬቱን መልሶ ጤፍ ይዘራበታል። እዚህ ዑደት ውስጥ የአፈር ተማሪ፣ ከሰል የተከሰለበት ቦታ አሲዳማነት ካልተከሰለበት ይለይ እንደሆነ ትጠይቃለች። የኢኮኖሚክስ ተማሪ፣ መሬቱ በዛፍ ተይዞ ሳለ የዓመት ቀለብ ከየት እንደሚመጣ። የሶሲዮሎጂ ተማሪ ደግሞ መሬት የሌለው ወጣት ከከሰሉ ምን እንደሚደርሰው። በቅርብ ዓመታት ዛፉን የሚያደርቅ በሽታ ገብቷል፤ እኔ ብሆን እሱን ነበር የምይዘው። በአንድ ቀበሌ፣ ከበሽታው በኋላ ዲከረንሱን ነቅለው ሌላ የዘሩ አባወራዎች ካልነቀሉት በምን ይለያሉ? በመሬት ስፋት? በዕዳ? በቤተሰብ ብዛት? ይህ በአንድ ወቅት የመስክ ሥራ የሚመለስ ጥያቄ ነው። ቦታው፣ ሰዎቹና ጊዜው ተለይተው እስኪጻፉ ድረስ ፕሮፖዛል አትጀምሪ።

ጥ፦ የታሪክ ተማሪ ነኝ። የ1960ው የጎጃም ገበሬዎች አመፅ አሁንም ርእስ ይሆናል?

መ፦ በደንብ! በእርሻ ገቢ ግብር ሰበብ መነሣቱ የታወቀ ነው፤ አንድ ወረዳ ውስጥ ጎረቤት ከጎረቤት እንዴት እንደተማከረ ግን ከሰው አፍ የሚገኝ ነው። ያኔ ሃያ ዓመት የሞላው ዛሬ ከሰባ አምስት አልፏል። ስለዚህ ቶሎ በል። አባቶችን አስፈቅደህ ቅዳ፣ የነገሩህንም ከመዝገብ ቤት ሰነድ ጋር አመሳክር፤ ሁለቱ የተጋጩበት ቦታ ራሱ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ጥ፦ የጥናት ክፍተት የሚባለውን እንዴት ላግኘው?

መ፦ የቀደሙ የመመረቂያ ጽሑፎችን የመጨረሻ ምዕራፍ አንብቢ። «ወደፊት ቢጠና» ያሉትን ያዢ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሠርቶት እንደሆነም አጣሪ።

ጥ፦ መንገድ ተዘግቶ መስክ መውጣት ባልችልስ?

መ፦ ከጅምሩ ሁለት የመረጃ ምንጭ ያለው ጥያቄ ምረጥ። ቃለ መጠይቁ ባይሳካ በእጅህ ባለ ሰነድ ወይም በከተማው ገበያ የሚመለስ ይሁን። ለዲግሪ ተብሎ ራስህንም ሆነ የምታነጋግረውን ሰው አደጋ ላይ አትጣል፤ ለአማካሪህም ይህንኑ በግልጽ ንገራቸው።