በአማርኛ «እና»፣ በኮድ «ኦር»

ልጆቼ፣

ኮድ መጻፍ የጀመራችሁ ሰሞን «ቡሊያን ቀላል ነው» ስትሉ እሰማለሁ። የቡሊያን መልስ ሁለት ነው፤ ትሩ (እውነት) አለ፣ ፎልስ (ሐሰት) አለ፣ ሌላ የለም። እሱስ ልክ ነው። የሚያስቸግሩት ማያያዣዎቹ ናቸው፤ ኤንድ (እና)፣ ኦር (ወይም)፣ ኖት (አይደለም)።

ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት የቲኬት ቅናሽ የሚያሰላ ፕሮግራም ጻፍ ተባልኩ። የተሰጠኝ ወረቀት «ከ18 ዓመት በታች እና ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ቅናሽ ያገኛሉ» ይላል። እንዳለ ገለበጥኩት፤ ዕድሜ ከ18 ያንሳል ኤንድ ከ60 ይበልጣል። ፕሮግራሙ ያለ ምንም ስህተት ሠራ። ግን ቅናሽ ያገኘ አንድም ሰው የለም። ሕፃኑም ሽማግሌውም ሙሉ ዋጋ ተጠየቁ።

ምክንያቱ ሲገባኝ ደነገጥኩ። በአማርኛ «እና» ስንል ሁለት ዓይነት ሰዎችን እየቆጠርን ነው። ኮዱ ግን የሚጠይቀው ፊቱ የቆመውን አንድ ሰው ነው፦ አንተ ከ18 በታች ነህ፣ ደግሞም ከ60 በላይ ነህ? እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል? የሚያስፈልገው ኦር ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሁኔታ ከመጻፌ በፊት ለአንድ ሰው እንደሚቀርብ ጥያቄ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። እባካችሁ ልመዱት።

ኖት ይብሳል። «አበበና አልማዝ አልመጡም» ስንል ሁለቱም ቀርተዋል ማለታችን ነው። ኮድ ላይ ግን ሁለቱን በኤንድ አያይዛችሁ፣ በቅንፍ ከታችሁ፣ ከፊት ኖት ብታደርጉበት አንዱ ብቻ ሲቀርም ትሩ ይሆናል። ግራ ሲገባችሁ ወረቀት አውጡ። ቡሊያን በስሙ የተጠራለት የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ቡልም ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1847 ሲያሳትም ኮምፒውተር አልነበረም። ሊሆን የሚችለውን ሁሉ በየመስመሩ ጻፉ፦ አበበ መጣ ወይም ቀረ፣ አልማዝ መጣች ወይም ቀረች፤ አራት መስመር ብቻ ነው።

ፓይተን በሚባለው የኮድ ቋንቋ ለምትጽፉ አንድ ነገር ልጨምር። «ከተማ እኩል ነው አዳማ ኦር ሐዋሳ» አትበሉ። ፓይተን ባዶ ያልሆነን ጽሑፍ ሁሉ እንደ ትሩ ስለሚቆጥር የጎንደሩም ሰው ያልፋል። «ከተማ እኩል ነው» የሚለውን ለሁለቱም ድገሙት። ኤንድና ኦር ሲደባለቁ ደግሞ ኤንድ ይቀድማል፤ ቅንፍ ለመጻፍ አትስነፉ።

ለልምምድ ጳጉሜ ስንት ቀን እንደሆነች የሚናገር ኮድ ጻፉ። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ጳጉሜ 6 ናት። ከዚያ የፈረንጆቹን የካቲት (ፌብሩዋሪ) ሞክሩ፤ 29 ቀን የምትሆነው ዓመቱ እንዲህ ሲሆን ነው፦ ለ4 የሚካፈል ኤንድ ለ100 የማይካፈል፣ ኦር ለ400 የሚካፈል። 1900 ፎልስ፣ 2000 ትሩ ካላላችሁ ቅንፋችሁን እንደገና እዩት።