131ዱ አክሲዮኔ የት ገባ? እና ሌሎች ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚሽከረከሩት በአንድ ነገር ዙሪያ ነው፤ ኩባንያዎች ብዙ አክሲዮን አጣምረው ጥቂት በሚያደርጉበት፣ ገበያው «ሪቨርስ ስፕሊት» በሚለው አሠራር። አምስቱን መርጫለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ 137 አክሲዮን ነበረኝ። ሰኞ ጠዋት አካውንቴን ስከፍት 6 ብቻ አገኘሁ። የአንዱ ዋጋ ከ60 ሳንቲም ወደ 12 ዶላር ወጥቷል። 131ዱ የት ገባ? ተዘርፌ ይሆን?

መልስ፦ አልተዘረፉም። ኩባንያው 20ውን አክሲዮን ወደ 1 አጣምሮታል። 137 ለ20 ሲካፈል 6.85 ይመጣል። ስድስቱን አይተዋቸዋል፤ የቀረችው ሽራፊ አብዛኛውን ጊዜ በገንዘብ ትከፈላለች፤ በ12 ዶላር ሒሳብ 10 ዶላር ከ20 ሳንቲም። እስቲ ይደምሩት፦ ቀድሞ 137 በ60 ሳንቲም፣ 82 ዶላር ከ20 ነበር። አሁን ስድስቱ 72 ዶላር፣ ሽራፊዋ 10 ከ20፤ ያው 82 ከ20። የሽራፊዋ ገንዘብ ግን ጥቂት ቀናት ልትዘገይ ስለምትችል የሒሳብ መግለጫዎን ይከታተሉ። ሽራፊን ወደ ሙሉ አክሲዮን ከፍ የሚያደርጉ ኩባንያዎችም አሉ። 19 ብቻ የነበረው ሰው ግን ክፍያው በገንዘብ ከሆነ ሳንቲሞቹን ተቀብሎ፣ ሳይጠየቅ ከባለአክሲዮንነት ተሰናበተ ማለት ነው። ይሄ እኔን ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ ምንም የሚለወጥ ነገር ከሌለ ታዲያ ለምን ይደክማሉ?

መልስ፦ በብዛት ከገበያው ላለመባረር። ናስዳክ በተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ላይ የአክሲዮኑ መዝጊያ ዋጋ ለ30 ተከታታይ የሥራ ቀናት ከ1 ዶላር በታች ከሆነ ለኩባንያው ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፣ 180 ቀንም ይሰጠዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ ለ10 ተከታታይ የሥራ ቀናት 1 ዶላርና ከዚያ በላይ መዝጋት አለበት። ሥራን አሻሽሎ ዋጋን ማስነሣት ዓመታት ይፈጃል፤ ማጣመሩ በአንድ ሌሊት ያልቃል። ይህችን ዘዴ የሚደጋግሙት ስለበዙ በ2025 መጀመሪያ ደንቡ ጠብቋል፤ አጣምሮ ዓመት ሳይሞላው እንደገና ከ1 ዶላር የወረደ ኩባንያ ያ የ180 ቀን ፋታ አይሰጠውም።

ጥያቄ፦ እኔ የምገዛው ለአሥርና ለአሥራ አምስት ዓመት ነው። «ካጣመረ አለቀለት» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ የሚያጣምሩት በአብዛኛው ዋጋቸው የወደቀባቸው ስለሆኑ፣ በጅምላ ሲታዩ ቀጣይ ውጤታቸው ደካማ ነው። የጋራ ቢሮ አከራዩ ዊወርክ በመስከረም 2023 40ውን ወደ 1 አጣመረ፤ በኅዳር ከባለዕዳዎቹ እንዲጠበቅ ፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። የኤሌክትሪክ መኪና ኩባንያው ሙለን ደግሞ በዚያው በ2023 ብቻ ሦስት ጊዜ አጣመረ፤ 25 ለ1፣ 9 ለ1፣ 100 ለ1። ያባዙት፦ ዓመቱን በ22,500 አክሲዮን የጀመረ ሰው ዓመቱ ሲያልቅ በእጁ የቀረችው አንዲት ናት።

«አለቀለት» ለማለት ግን አይቸኩሉ። ፕራይስላይን በ2003 6ቱን ወደ 1 አጣምሮ ነበር። በሆቴል ማስያዣው ሥራ አድጎ በ2013 የአንዱ አክሲዮን ዋጋ ከ1,000 ዶላር አለፈ፤ ዛሬ ቡኪንግ ሆልዲንግስ ይባላል። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ2021 ክረምት 8ቱን ወደ 1 ያጣመረው ዕዳውን እየቀነሰ፣ ንብረቱን እየሸጠ ባለበት ወቅት ነው፤ በኋላም ለሦስት ኩባንያ ተከፍሎ ባለአክሲዮኖቹ ተጠቅመዋል። ሲቲግሩፕ መሐል ላይ ነው፦ በግንቦት 2011 10ሩን ወደ 1 አድርጎ በ45 ዶላር ገደማ ጀመረ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ 26 ዶላር አካባቢ ነበር። ባንኩ ግን ዛሬም በእግሩ ቆሟል። እኔ ብሆን የማጣመሩን ዜና ወዲያ ትቼ የማየው ገንዘብ ከየት እንደሚገባለት ነው። ከሽያጭ ከሆነ እታገሣለሁ፤ አዲስ አክሲዮን እየቸረቸረ ከሆነ እወጣለሁ።

ጥያቄ፦ ማጣመሩ ላይ ድምፅ እንድሰጥ ሰነድ ተልኮልኛል። ምኑን ላንብብ?

መልስ፦ ኩባንያው እንዲያወጣ የተፈቀደለት የአክሲዮን ጣሪያ አብሮ ይወርድ እንደሆነ የሚናገረውን አንቀጽ። ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው፤ ጉዱ ያለው ግን እዚያ ነው። በምሳሌ እንየው፦ ጣሪያው 500 ሚሊዮን፣ የወጣው 450 ሚሊዮን፣ የእርስዎ 45,000 ነው እንበል። ከአሥር ሺሕ አንዱ የእርስዎ ነው። 20 ለ1 ሲጣመር የወጣው 22.5 ሚሊዮን፣ የእርስዎ 2,250 ይሆናል፤ አሁንም ከአሥር ሺሕ አንድ። ጣሪያው ግን 500 ሚሊዮን ላይ ከቀረ፣ ቀድሞ 50 ሚሊዮን ብቻ የማውጣት ዕድል የነበረው ኩባንያ አሁን 477.5 ሚሊዮን ማውጣት ይችላል። ከዚያ ላይ 22.5 ሚሊዮን በሸጠ ቀን የእርስዎ ድርሻ ከሃያ ሺሕ አንድ ይሆናል፤ አካውንትዎ ላይ ያለው ቁጥር ግን 2,250 እንዳለ ነው። ጣሪያው አብሮ ካልወረደና አጥጋቢ ምክንያት ካልተጻፈ እኔ «አልደግፍም» እላለሁ።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ ሲቲግሩፕ በ2007 መጀመሪያ ከ500 ዶላር በላይ ነበር ይለኛል። እኔ ግን በ55 ዶላር እንደገዛሁ ደረሰኝ አለኝ። የቱን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው። ከማጣመር በኋላ ስልክዎ ላይ የሚያዩት የዋጋ ገበታ የድሮውን ዋጋ በዚያው ልክ ያባዛል፤ የእርስዎ 55 ዶላር በ10 ተባዝቶ 550 ሆኖ ይታያል። በ500 ዶላር የገዛ ሰው በዚያን ጊዜ አልነበረም። ሸጠው ትርፍና ኪሳራዎን ሲያሰሉም ደረሰኝዎ ላይ ያለውን የአንዱን ዋጋ በ10 ያባዙት፣ ብዛቱን ለ10 ያካፍሉት። በጠቅላላው ያወጡት ገንዘብ አይለወጥም። በ55 ገዝቼ በ70 ሸጥኩ ብለው ግን ትርፍ እንዳይቆጥሩ፤ 550ው 70 ሆኗል።